የቅዳሜ ውሃ

ጨፌ ማዶ፣ ናዝሬት አጠገብ
ጥር 1983 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ጆቴ፣

መሬትዎ አለ። ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት ይቺን ላስቀድም ብዬ ነው፤ ወረቀቱ መንገድ ላይ ቢቀደድ ወይ ዓይንዎ ቢደክም፣ የመጀመሪያዋን መስመር አንብበው ይተኙ። መሬትዎ አለ፣ ሽንኩርት ቆሞበታል፣ ባለቤትዎ ዲንቄም አለች። አስቀድሞ ጤናዎን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ወጉም እሱ ነው። ግን ከመተከል ሰፈራ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ስለዚያ አገር ወባ ሲያወራ እሰማለሁና፣ እንደምን ነዎት ብሎ ለመጻፍ እጄ ፈራ። ደህና ናቸው ብዬ ቆጥሬ ነው የምጽፈው። ደህና ይሁኑልኝ።

ጽሕፈቴን አይተው እንዳይስቁ። መሠረተ ትምህርት አብረን አንድ አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ፣ እርስዎ እርሳሱን እንደ ዶማ ጨብጠው ወረቀቱን ሲቀድዱት እኔ ነበርኩ የምስቀው። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልጻፍኩም። ሸክላ የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ደክሞኛል፣ ጋሽ ጆቴ። ወገቤ ጭቃ ስረግጥና ድስት ስጠፈጥፍ ነው ያለቀው፤ እሱስ ይሁን። የባሰ የሚያደክመው ከአንድ ሰው ጋር ተኳርፎ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ነው። በሰው ፊት ባሌን ቄስ አብተው እላለሁ፤ ለእርስዎ ምን ልደብቅ፣ አብተው ነው። እርስዎ ከታሰሩበት ቀን ጀምሮ ራቱን አቀርብለታለሁ፣ ነጠላውን አጥብለታለሁ፣ ከልቤ ግን አላናገርኩትም። አሁን የምጽፍልዎ ባለፈው ቅዳሜ ያደረገውን ልንገርዎ ብዬ ነው። እሱ አይነግርዎትም፤ ሌላ የሚነግርዎ ሰው ደግሞ ከእንግዲህ እዚህ አይኖርም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን።

ወዴት እንደምንሄድ ሳይሰሙ አይቀሩም። ከሰፈራችን የቀረነው ጥቂት ሽማግሎችና አሮጊቶች ነን። ሌላው በሩን በእሾህ ዘግቶ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ከጎንደር ከመጡት ወገኖቻችን ጋር ቤት ተከራይቶ ተራውን ይጠብቃል። ልጆቻችንም እዚያው ናቸው። ኢየሩሳሌም ነው የሚባለው። እኔ ኢየሩሳሌምን የማውቃት በጸሎት ነው፤ ሽንኩርት ይብቀልባት አይብቀልባት የነገረኝ የለም።

ልጆቹ ደግሞ ከመምጣትሽ በፊት የጨፌ ማዶን ታሪክ ጻፊልን ይሉኛል። ምን ብዬ ልጻፍ? የማውቀው አማቴ እማማ ሸዋወርቅ ሲያወሩ የሰማሁትን ነው፤ እርስዎም ከአባትዎ የሰሙት ይኖራል። እማማ እንደሚሉት አያቶቻቸው ከወገራ የመጡ ግንበኞችና ቀጥቃጮች ነበሩ። መጀመሪያ ለግንብ ሥራ አዲስ አበባ ገቡ፤ ኋላም ባቡሩ ወደዚህ ሲዘረጋ መሣሪያ የሚያበጅ ሰው ተፈልጎ ናዝሬት ወረዱ። ሥራው ሲያልቅ የዚህ አገር ባለርስት ፊታውራሪ ጭሰኛ አደረጓቸውና መሬት ምረጡ አሏቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ዳገቱን ይመርጥ ነበር፤ ነፋሻ ነው፣ ትንኝ የለበትም። የኛዎቹ ወንዙን መረጡ። ለምን ቢሉ ለመታጠቢያ። ሴት ከአራስ ጎጆ ስትወጣ፣ ወንዱ ከገበያ ሲመለስ፣ የሌላ ሰው እጅ የነካው ሁሉ በሚሄድ ውሃ መታጠብ አለበት። እህሉን ትተው ንጽሕናውን አይተው መረጡ፣ ወባውን ለኛ አወረሱን። እማማ ይህን ሲያወሩ ይኮሩ ነበር። እኔ ሁለት ልጅ በወባ የቀበርኩ ሴት ነኝ፤ ኩራቱ አይታየኝም።

እንደዚያም ሆኖ በልተንበታል። ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ፣ እኛ ሴቶቹ ድስትና እንስራ ስንሠራ፣ ከወንዙ አፋፍ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ስናበቅል ኖርን። ለፊታውራሪው ከምርቱ እኩሌታ፣ በላዩ ላይ ማረሻ፣ በላዩ ላይ እንስራ እንገብራለን። የአካባቢው ገበሬ ማረሻው ሲደንዝ ቀን ለቀን እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ሲመሽ ደግሞ ቡዳ ናቸው ብሎ ልጁን ይደብቅብናል። ፊታችንን አይቶ ለማረሻው ያመሰገነን፣ ጀርባችንን ሲያይ ትፍ ትፍ ይላል። ለምደነዋል እላለሁ፣ አልለመድነውም።

እርስዎ ልጅዎን ደብቀውብን አያውቁም። ሰላምታዎ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። እጅ ለእጅ መያያዝ እንደማይሆንልን ያውቃሉ፤ በዚህ ተቀይሞ የራቀን ሰው ብዙ ነው። እርስዎ ግን ዶማዎን በብረቱ በኩል ይዘው እጀታውን ለአብተው ይዘረጉለታል። እሱ ጫፉን ይይዛል። ሁለታችሁም ትነቀንቁታላችሁ፣ እርስዎ አካም ቡልቴ ብለው አዳሩን ይጠይቁታል፣ እሱ ነጋ፣ ሰላም ነው ይላል። ብረቱን ራሱ አብተው ነበር የቀጠቀጠልዎ። እኔ ከደጅ ቆሜ ሳያችሁ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ዶማ ሲነቀንቁ፣ ሳቄን መያዝ ያቅተኝ ነበር።

የውሃውንም ነገር ያቆሙት አባቶቻችሁ ናቸው። የእርስዎ አባትና የአብተው አባት ወንዙን አብረው ጠልፈው ቦዩን ሲቆፍሩ ተስማሙ፤ ቅዳሜ የኛን ተራ እናንተ ትወስዳላችሁ፣ እሑድ የእናንተን እኛ እንወስዳለን። በሰንበት እኛ እሳት አናነድም፣ ቦይ አንከፍትም። እናንተ ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናችሁ። ማንም አልተጎዳም። መሬት ለአራሹ ተብሎ ፊታውራሪው ሲሄዱ፣ መሬቱም የኛ ሲሆን፣ ይኸው ልማድ ቀጠለ። ያኔ አብተው የመሬታችንን ዳር በእግሩ ዞሮ ሲመለስ ያለቀሰውን ለእርስዎ ነግሬዎት አላውቅም። አባቱ የራሱ ያልሆነ መሬት ላይ ነበር የሞተው።

ከዚያ የአምራቾች ኅብረት ሥራ መጣ። ጓድ ወልደአማኑኤል ሊቀመንበር ሆኖ የባቡር ሐዲድ ስባሪ ዋርካው ላይ ሰቀለና ጠዋት ማታ ይደውልብን ጀመር። በሬው የጋራ፣ ማረሻው የጋራ፣ ለየቤቱ የተተወው የጓሮ መሬት ብቻ ሆነ። የጓሮ ውሃ ተራ በዕጣ ወጣ፤ ለኛ ሰፈር ቅዳሜ ደረሰ። እንደ ድሮው እንለዋወጥ ብለን ብንለምን፣ ይህ የባለርስት ዘመን ልማድ ነው፣ ከእንግዲህ ተራው ያልሆነ ሰው የቦዩን አፍ እንዳይነካ ተባልን። ዝናብ በነበረ ጊዜ ቻልነው። ሰባ ሰባት ላይ ግን ዝናቡ ቀረ።

ያን ዓመት ማስታወስ አልወድም። ከወሎ የመጣው ሰው ናዝሬት ጎዳና ላይ እንዴት እንደወደቀ አይተዋል። የኛም ሽንኩርት መደቡ ላይ ጠወለገ። አንድ እሑድ ጠዋት ግን ወጥተን ስናይ አፈሩ ርሷል። የሚቀጥለውም እሑድ ርሷል። እኛ ጸሎት ቤት ቆመን ሳለን የኛን ተራ ለኛው ያጠጡት እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ቅዳሜ በሬ ባይጠምዱም ውሃ መመለስን ከሥራ አይቆጥሩትም። ሴቶቹ ሁላችንም ገብቶናል፣ ዝም አልን። እኔ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን ዝም እላለሁ። አብተው ግን አላወቀም። እሱ ዓይኑ ኦሪት ላይና ከሰል ላይ ነው፣ የሽንኩርት መደብ ጠዋት ይርጠብ ይድረቅ አያይም።

ጉዱ የመጣው ምርቱ ሲደርስ ነው። የሰፈራችንን ወግ ያውቃሉ። የመጀመሪያው ምርት ማንም ሳይቀምሰው ለቄስ ይመጣል፣ ቄሱም የሰንበት እጅ አለበት ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ የለበትም ይባላል፣ ይመረቃል፣ አለቀ። ለወጉ ያህል የሚጠየቅ ነገር ነው። እኔ የለበትም ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። እማማ ሸዋወርቅ ቀደሙኝ። ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጥርሳቸው አልቋል፣ ግን ለልጃቸው ዋሽተው አያውቁምና፣ ቅዳሜ የጠጣ ነው፣ ጆቴ ነው ያጠጣልን፣ እግዜር ይስጠው አሉ። ማመስገናቸው ነበር።

አብተው ሽንኩርቱን ከእጁ አስቀመጠ። ለኛ ተብሎ በሰንበት የተሠራ ነው፣ አንበላውም፣ የማንበላውንም አንሸጥም አለ። ሰፈሩ ሁሉ ተንጫጫ። እኔም የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ። ልጆች በረሃብ ፊታቸው ገርጥቶ፣ የደረሰ ሽንኩርት ከደጃችን ቆሞ፣ አይነካም። በመጨረሻ እሺ፣ ያጠጣው ሰው ይውሰደው ተባለ፤ አብተው ራሱ እርስዎ ዘንድ መጣ። እርስዎ ደግሞ የጎረቤቴን ሽንኩርት ነቅዬ አልበላም አሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሽ ጆቴ፣ ያኔ በእርስዎም ተናድጃለሁ። አንዱ ያንተ ነው ይላል፣ ሌላው የለም ያንተ ነው ይላል፣ ሁለት ጻድቃን ስትከራከሩ ሽንኩርቱ በመካከላችሁ በሰበሰ። ሽታው እስከ መንገዱ ደረሰ።

ሽታው ነው ወልደአማኑኤልን ያመጣው። ሕዝብ በሚራብበት ዘመን ምርት ማበስበስ አሻጥር ነው ብሎ ዋርካው ሥር ስብሰባ ጠራ። እርስዎም ነበሩ፤ ግን ከየት ሆኜ እንዳየሁት አያውቁም። ከአብተው ኋላ ቆሜ ነጠላውን ይዤ ነበር፤ ዝም እንዲል እየጎተትኩት። ለምን አልነቀላችሁትም ሲባል፣ ቅዳሜ የጠጣ ነው አለ። እዚህ ላይ ቢያበቃ እሱን ራሱን ነበር የሚያስሩት። ወልደአማኑኤል ግን ብልጥ ነው።

«ማን አጠጣው?» አለ።

አላውቅም ማለት ይቻላል። ወንዙ ሞልቶ ገባ ማለት ይቻላል። እኔ ብሆን አሥር ነገር እፈጥር ነበር። አብተው ግን ስምዎን ጠራ። ነጠላውን ለቀቅኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አልያዝኩትም።

ያለ ተራው ቦይ ነክቷል ብለው እጅዎን ሲያስሩዎ አብተው ሰዉን ገፍቶ መጣ፤ ያለ ዶማ፣ በባዶ እጁ የታሰረ እጅዎን ያዘ። ያን ጊዜ ያሉትን እኔ ብቻ ሳልሆን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

«አትዘን፣ አብተው። አንተ የምትዋሽ ሰው ብትሆን እኔ ምን ብዬ ሰንበትህን እጠብቅልህ ነበር?»

እርስዎ ይቅር አሉት፤ እኔ ግን አልቻልኩም። እርስዎን ናዝሬት አስረው አቆዩና ሰፋሪ ብለው መተከል ሰደዱዎ። ዲንቄ ለብቻዋ ቀረች፤ ልጃችሁ መቂ ባሏ ዘንድ ናት፣ እሷም የራሷ ጣጣ አላት። እማማ ሸዋወርቅ በዓመቱ ሞቱ። እስኪሞቱ ድረስ ጆቴ መጣ ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ እየመጣ ነው እላቸው ነበር፣ እኔ መዋሸት ስለምችል።

አብተው ደግሞ ምን ያደርግ እንደነበር ዲንቄ ጽፋልዎት ይሆናል። እሑድ እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እየመጣ የጓሮ መሬታችሁን ያርማል፣ አጥሩን ያጠብቃል፣ ስትመለስ ሄዷል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ አላጎደለም። ወባ ይዞት እንኳ ሄዷል። እኔ አይቼ እንዳላየሁ አልፈው ነበር። በአፍ ያፈረሰውን በእጅ ሊሠራው ነው ወይ እል ነበር፣ ለራሴ።

አምና ኅብረት ሥራው ፈረሰ። ቅይጥ ኢኮኖሚ ነው ተባለ፣ ሰዉ በአንድ ቀን በሬውን ፈትቶ ወደየቤቱ ነዳ፣ መሬቱም እንደገና ተከፋፈለ። ዲንቄ በእርስዎ ስም ከቦዩ በታች ያለውን፣ ግራሩ ያለበትን መሬት አገኘች። የውሃ ተራም እንደገና በዕጣ ወጣ፤ የእናንተ ቅዳሜ ሆነ፣ የኛ ረቡዕ። ወልደአማኑኤል ሊቀመንበርነቱ ቢቀርም አፉ አልቀረም። ባለቤቱ የሌለበት መሬት ለምን ይያዛል እያለ ገበሬ ማኅበሩን ወተወተ፤ ለወንድሙ ፈልጎት ነው። ማኅበሩም በጋውን ያላለማ መሬቱን ይለቃል ብሎ ወሰነ፣ ዞረው የሚያዩ ሰዎችም ተመረጡ። ዲንቄ ፈራች፣ ግን ጠንካራ ናት። ሽንኩርቱን ተክላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እያጠጣች ጥሩ አድርጋ አበቀለችው።

የሰፈራችን ሰው ሲሄድ ግን ቦዩን የሚጠርግ ጠፋ፣ ውሃው ቀነሰ። በዚህ ላይ ዲንቄን ወባ ጣላት። ሁለት ቅዳሜ ሳታጠጣ አለፈ። ከረቡዕ ተራችን ለእሷ ብናካፍልም፣ ውሃው ገና መደቡ ጫፍ ሳይደርስ አፈሩ ይጠጣዋል። ሽንኩርቱ ሥሩ መወፈሪያው ጊዜ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እያለ መጣ። ሰው እንቅጠር ቢባል ጉልበት ያለው ወጣት ሁሉ ለውትድርና እንዳይታፈስ ጫካ ገብቷል፣ የተቀሩት ደግሞ ወልደአማኑኤልን ፈሩ። መሬት የሚያዩት ሰዎች ሰኞ እንደሚመጡ ተነገረ። ያለን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ለሰንበት እሳቱን ሳጠፋ ለአብተው ነገ እኔ ሄጄ አጠጣለሁ አልኩት። ኀጢአቱ የኔ ይሁን፣ ከጠየቁህ አላውቅም በል፣ በስድስት ዓመት መዋሸት ተምረህ ይሆናል አልኩት። ክፉ ንግግር ነው፣ አውቃለሁ፤ ከአፌ ወጣ። እሱ ዳቦውን በጨርቅ ሸፍኖ አስቀመጠና ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት ጸሎት ቤት ገባን። ውስጥ የነበሩት ወንዶች እጅግ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ምርኩዝ የያዙ። እኔ እንደ ሴቶቹ ወግ ደጅ ቆሜ፣ ጸሎቱ ሲጋመስ ሹልክ ልል አስቤያለሁ። አብተው ያነብባል። ድምፁ አርጅቷል። እኔ ለመሄድ ነጠላዬን ሳጣፋ ንባቡ ቆመ። ዞር ብዬ ሳይ ኦሪቱን አጥፎ በጨርቁ ሸፈነው፤ ሽማግሎቹን እናንተ ቀጥሉ አላቸውና ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። በባዶ እግሩ ነበር፣ ጥምጥሙ በራሱ ላይ እንዳለ።

ተከተልኩት። የት እንደሚሄድ ገብቶኝም አላመንኩም። እርስዎ ቤት ደረሰ፣ ዲንቄ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከምሮባት እየተንቀጠቀጠች ነው። ከደጅ ሆኖ ዶማውን ልውሰድ ወይ ብሎ ጠየቃት። በኋላ እንደነገረችኝ ትኩሳቱ የሚያናግራት መስሏት ውሰደው አለች። ከግድግዳው ላይ የእርስዎን ዶማ አነሳ፤ ያን ዕድሜ ልኩን በጫፉ ብቻ የያዘውን። ቦዩ ዘንድ ወረደና አፉን መክፈት ጀመረ። አፈሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ቀጥቃጭ የነበረ ክንድ ነው፣ አሁን ግን ሦስቴ ቆፍሮ ያርፋል። እኔ ልረዳው ስጠጋ ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«አንቺ አትንኪው። ለአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል።»

ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ለእኔ ይሁን ለሌላ አላውቅም፣ «ለራሴ ቢሆን አላደርገውም ነበር» አለ።

ውሃው መጣ። መጀመሪያ አቧራውን እየገፋ ቀስ አለ፣ ከዚያ መደቡ ውስጥ ገባ። አብተው ከመደብ ወደ መደብ እየመለሰው እስከ ግራሩ ሥር አደረሰው። እኔ አፋፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ አይጠይቁኝ፣ ለእርስዎም፣ ለሱም፣ ለዚያ ለበሰበሰው ሽንኩርትም ይሆናል። ሲጨርስ ጥምጥሙ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አጠገቤ ተቀመጠ። ደከመህ ወይ አልኩት። በስድስት ዓመት ውስጥ ከልቤ ያናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። አዎ ደከመኝ አለ። እኔም ደክሞኛል አልኩት።

ሰኞ ሰዎቹ መጡ። ወልደአማኑኤል አልተመረጠም፣ ግን አብሯቸው መጣ። ሽንኩርቱ ቀና ብሎ ቆሟል። ሰዎቹ ጥሩ ነው ብለው ሊያልፉ ሲሉ እሱ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ነካ። ዲንቄ እንደታመመች ያውቃል። ተራዋ ቅዳሜ እንደሆነም ያውቃል። ቀና ብሎ አብተውን አየው፣ ያኔ ዋርካው ሥር እንዳየው።

«ማን አጠጣው?»

ጋሽ ጆቴ፣ ያን ጊዜ ሽማግሎቻችን ሁሉ እዚያ ነበሩ። ከጸሎት ቤት ሲወጣ አይተዋል፤ የት እንደሄደ ግን አንድም ሰው አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም። አላውቅም ቢል ማንም ባልከሰሰው፣ ቄስነቱንም እንደያዘ በቀረ ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። በዚህ ጊዜ ነጠላውን አልጎተትኩትም።

«እኔ ነኝ። በሰንበት ነው ያጠጣሁት» አለ አብተው።

ወልደአማኑኤል የአብተውን ሰንበት ከኛ እኩል ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ነው ሰው ያሰረበት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ቀድሟቸው ሄደ። ሰዎቹ መሬቱ ለምቷል፣ የጆቴ ነው ብለው ወደ ቀጣዩ አለፉ። መሬትዎ አለ ያልኩዎ ስለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ አብተው ጸሎት አይመራም። ኦሪቱን ለሌላ ሽማግሌ አስረክቦ እሱ ከደጅ ከኛ ከሴቶቹ ጋር ይቆማል። ሰንበት የሻረ ሰው ነኝ፣ ካህናቱ ይፍረዱብኝ ይላል። ኢየሩሳሌም ስንደርስ የመጀመሪያ ሥራው ለትልልቆቹ ካህናት ይህን መናገር ነው። እዚያ የሚያውቅህ የለም፣ ዝም ብትል ማን ይሰማል ብለው መከሩት። እኔ አልመከርኩትም። ይናገር፤ እኔም ከኋላው እቆማለሁ።

አሁን የእርስዎ ነገር ነው የቀረው። እኛ ስንሄድ ዲንቄን የሚያግዛት የለም። ወባው ለቅቋታል፣ ምርቱን ትነቅላለች፣ ክረምት ሲገባ ግን በሬ የሚጠምድ ሰው ከሌለ ወልደአማኑኤል ይመለሳል። እንደሰማሁት ከመተከል ብዙ ሰው እየተወ እየመጣ ነው፣ የሚከለክልም የለም። ይህን ወረቀት የሚያደርስልዎ ፈዬራ ሹፌሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ሲመለስ ጋቢና ውስጥ ቦታ እይዝላቸዋለሁ ብሎኛል። አቅም አነሰኝ፣ አርጅቻለሁ፣ መንገዱ ይከፋል አይበሉኝ። ይምጡ። ከሰኔ በፊት ይምጡ።

እንደማንገናኝ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ እጅዎን ሳልጨብጥ ዕድሜያችን አለቀ፤ አሁን ቢሆን ጨብጬ ወንዝ እወርድ ነበር፣ ወንዙ ቅርብ ነው።

ትናንት አብተው ከሰሉን ለመጨረሻ ጊዜ አቀጣጥሎ የዶማዎን ብረት አደሰው። ከዚያ ወናፉን ፈታው። ዶማው ደጃፍዎ ላይ ቆሟል። ዲንቄ ወደ ውስጥ ልታስገባው ብትል እሱ እንዳትነኪው አላት፤ ብረቱን ወደ ቤቱ አድርጎ እጀታውን ወደ መንገዱ ነው ያዞረው። ሲመጡ እሱን ይያዙለት።

ጎረቤትዎ፣
አበዛሽ